ድስቱ ፈልቷል፣ መርዙስ?

ክቡራትና ክቡራን፣ በተለይ ከሐዋሳ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች የመጣችሁ ወጥ ቤቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ሐዋሳ የዘመድ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ሩዙ ማታ ተቀቅሎ በትልቅ ድስት እንደተከደነ አደረ። በማግስቱ ተሞቀ፤ እንፋሎቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ከበላን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አክስቴን አስመለሳቸው። ቀጥሎ ሚዜዎቹን። «ተሞቆ የለም እንዴ?» ይሉ ነበር አክስቴ። ምግብ መርማሪ ሆኜ ዝም ማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

ያን ቀን ናሙና የወሰደ የለም። ምልክቱና ሰዓቱ ግን ባሲለስ ሴሪየስ የተባለውን ባክቴሪያ ይመስላል። ይህ ባክቴሪያ ስፖር ይሠራል፤ ጠንካራ ቅርፊት ያለው ዘር በሉት። መቀቀል አይገድለውም። ድስቱ ቀስ እያለ ሲበርድ ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዝ ይሠራል። የሚያስመልሰው መርዝ 121 ዲግሪ ላይ 90 ደቂቃ ቢቆይ እንኳ አይጠፋም። ሐዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ታዲያ ማሞቅ ምን ይፈይዳል?

ከእጅ ቁስልና ከአፍንጫ የሚመጣው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ (በአጭሩ ስታፍ) የተባለ ባክቴሪያ የሚሠራው መርዝም እንደዚሁ በማሞቅ አይጠፋም። በ2000 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ከ13,000 በላይ ሰዎች ከወተት ታመሙ። የወተት ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ወተቱ ሳይቀዘቅዝ ቆይቶ ነበር። ባክቴሪያው ኋላ በሙቀት ሞተ፤ መርዙ ቀረ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጃችሁን አስቡት።

ለዚህ ነው ባክቴሪያ ቆጥሮ ብቻ መፍረድ የሚያሳስተው። ስታፍ በአንድ ግራም 100,000 ከደረሰ መርዝ እንጠረጥራለን። የተሞቀ ምግብ ላይ ግን ቆጠራው ዜሮ ሊሆን ይችላል። ፒሲአር የተባለው የዘረመል ምርመራ የሚነግረን መርዝ የሚያሠራው ጂን መኖሩን ነው፤ መርዙ መሠራቱን አይደለም። የስታፍን መርዝ ራሱን የምንፈልገው እንደ ኤላይዛ ባለ ምርመራ ነው። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ሰው ታሞ ምግቡ «ንጹሕ ነው» ተብሎ ሲመለስ ከማየት ግን ይሻላል።

ስጋቱን ስንመዝን ማን በላው፣ ምን ያህል በላ፣ ምግቡስ ስንት ሰዓት ውጭ ቆየ ብለን እንጠይቃለን። የመጨረሻውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ አደራ፣ ሰው ከታመመ የተረፈውን አትድፉ። ከድናችሁ ፍሪጅ አስገቡት፤ መቼ እንደበሰለ ጽፋችሁ ቶሎ አምጡልን። ሩዝ ደግሞ ድስት ውስጥ አታሳድሩ። በሰፊ ትሪ ስስ አድርጋችሁ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙና ወዲያው ፍሪጅ አስገቡ።

የናሙና ዕቃዎቹ በሩ ጋ ተቀምጠዋል። ስትወጡ ሁለት ሁለት ያዙ።