ቁጢጥ ብሎ 19 ዓመት፦ የያዲየር ሞሊና የካቸርነት ሕይወት

[ምስል፦ ሺ ስታዲየም፣ ማታ። ተመልካቹ በሙሉ ቆሟል።]

ኦክቶበር 19 ቀን 2006፣ ኒው ዮርክ። የቤዝቦል ቡድኖቹ የኒው ዮርክ ሜትስና የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ሰባተኛውን ጨዋታ እየተጫወቱ ነው። ያሸነፈ ወደ ዎርልድ ሲሪስ፣ ማለትም ወደ ዋንጫው ፍልሚያ ያልፋል። የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የመጨረሻው፣ ዘጠነኛው ዙር ደርሷል። ውጤቱ 1 ለ 1 ነው።

ለካርዲናልስ ዱላ ይዞ የወጣው የ24 ዓመት ልጅ ነው። ያዲየር ሞሊና ይባላል። በዚያ ዓመት በዱላው ማንንም አላስደነገጠም። ከ10 ሙከራ ሁለቴ ገደማ ቢሳካለት ነው። ኳሷ መጣች። መታት። ከግራ በኩል ካለው አጥር ማዶ ሄዳ ወደቀች። ቤዝ ላይ የነበረ ጓደኛውም አብሮት ገባ፤ 3 ለ 1።

ብዙ ሰው ያዲየርን የሚያስታውሰው በዚህች ምት ነው። እኔ ግን ላሳያችሁ የምፈልገው ከዚያ በኋላ፣ ዱላውን አስቀምጦ ጓንቱን ሲያጠልቅ የሠራውን ነው። እሱ እንዲገባን መጀመሪያ ካቸር ምን እንደሚሠራ እንይ።

[ምስል፦ ካቸር ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ]

በቤዝቦል ኳስ ወርዋሪው ፒቸር ይባላል። የሚወረውራትን ኳስ ለመምታት የተቃራኒ ቡድን ተጫዋች ዱላ ይዞ ይጠብቃል። ከመቺው ጀርባ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ ፊቱ ላይ ብረት አጥልቆ ኳሷን የሚቀበለው ካቸር ነው። እኛ አገር ሰው ቶሎ እንዲገባው "እንደ በረኛ ነው" ይባላል። ለእኔ ግን አይመስለኝም። በረኛ የመጣበትን ይመልሳል። ካቸር ገና የምትወረወረውን ኳስ ይመርጣል።

እንዴት? በጣቱ። እግሮቹ መካከል እጁን ሸሸግ አድርጎ ለፒቸሩ ምልክት ያሳያል። አንድ ጣት ብዙ ጊዜ ፈጣን ኳስ ማለት ነው፣ ሁለት ደግሞ የምትታጠፍ። መቺው ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያቅተው፣ ትናንት በየትኛው ኳስ እንደተሸነፈ በልቡ ይዟል። ከ2022 ጀምሮ ምልክቱን በቁልፍ የሚልክ መሣሪያም ተፈቅዷል። ሐሳቡ ግን ያው የካቸሩ ነው።

በፒቸሩና በመቺው መካከል ያለው ርቀት 18 ሜትር ከምናምን ነው። ኳሷ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ስትመጣ ግማሽ ሰከንድ እንኳን አይሞላም። በዚህ መሃል የተቃራኒ ቡድን ሯጭ ከአንደኛው ቤዝ፣ ማለትም ሯጭ ከሚያርፍበት የሜዳው ማዕዘን፣ ወደ ሁለተኛው ሊያመልጥ ይችላል። ቤዝ መስረቅ ይሉታል። ያኔ ካቸሩ ኳሷን ተቀብሎ፣ ከቁጢጡ ተነሥቶ፣ ወደ 39 ሜትር ርቀት መወርወር አለበት። ኳሷ ጓንቱን ከነካችበት ቅጽበት ሁለተኛው ቤዝ ላይ እስክትደርስ ያለው ጊዜ 2 ሰከንድ አካባቢ ነው። ያዲየር በሥራ ዘመኑ ሊሰርቁበት ከሞከሩት ከ100ው 40 ያህሉን ይዟል። ብዙዎቹ ሯጮች እሱ ሲኖር መሞከሩንም ተዉት። ያልተሞከረ ስርቆት ደግሞ ማንም አይመዘግበውም።

[ምስል፦ ቬጋ አልታ፣ ፖርቶ ሪኮ። ትንሽ ሜዳ፣ አቧራ።]

ይህን ከየት ተማረው? ከአባቱ ከቤንሃሚን። አባትየው ፖርቶ ሪኮ ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ከሥራ መልስ ቤታቸው ፊት ለፊት ባለው ሜዳ የሰፈሩን ልጆች ያሠለጥናሉ። ሦስት ወንድ ልጆች ወለዱ፤ ቤንጂ፣ ሆሴ እና ያዲየር። ሦስቱም በሜጀር ሊግ፣ በአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ፣ ካቸር ሆኑ። ሦስቱም ለአሸናፊዎች የሚሰጠውን የዎርልድ ሲሪስ ቀለበት አጠለቁ። አንድ ቤት፣ ሦስት ካቸር! አባትየው በ2008 ልባቸው ቀጥ ብሎ እዚያው የልጆች ሜዳ ላይ አረፉ።

አሁን ወደ 2006 እንመለስ። ሜትስ የመጨረሻ ዕድላቸው ላይ ናቸው። ቤዞቹ በሯጮች ሞልተዋል። አንድ ጥሩ ምት ጨዋታውን ትገለብጠዋለች። የሚመታው ካርሎስ ቤልትራን ነው፣ የያዲየር የአገሩ ልጅ፣ በዚያ ሰሞን እጅግ ከሚፈሩት መቺዎች አንዱ። ፒቸሩ አዳም ዌይንራይት ገና ጀማሪ ነው። ያዲየር ተነሥቶ ወደ ዌይንራይት ሄደ። አወሩ። ተመልሶ ቁጢጥ አለ።

የመጀመሪያዋ ኳስ ፈጣን መስላ ዘገየች። ቤልትራን አልሞከራትም። ሁለተኛዋን ነካት፣ ግን ከመስመር ውጪ ወጣች። ሦስተኛዋ ከላይ መጥታ፣ ልክ እንደተቆረጠ ገመድ ጉልበቱ አጠገብ ዝቅ አለች። ቤልትራን ዱላውን ትከሻው ላይ እንደያዘ ቀረ፤ ሦስቱም ተቆጠሩበትና ወጣ፣ ጨዋታውም አለቀ። ያዲየር ብድግ ብሎ ወደ ዌይንራይት ሮጠ። ካርዲናልስ ከዚያ ዋንጫውን በሉ። በ2011ም ደገሙት።

[ምስል፦ ያዲየር ሕመሙን ውጦ ሲነሣ]

ይህ ሥራ ግን ሰውነት ይበላል። በጥቂቱ እናስላው። ያዲየር በካቸርነት 2,184 ጨዋታ ተጫውቷል፣ ሁሉንም ለካርዲናልስ። ለአንድ ቡድን ብቻ ይህን ያህል የተጫወተ ካቸር በታሪክ የለም። በአንድ ጨዋታ 140 ኳስ ብንል ከ300 ሺህ በላይ ቁጢጥ ማለት ነው። በጉልበታችሁ ላይ አስቡት።

ጉልበት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በሜይ 2018 ጆርዳን ሂክስ በሰዓት 164 ኪሎ ሜትር የወረወራት ኳስ የመቺውን ዱላ ገጭታ አቅጣጫዋን ቀየረችና የያዲየርን ብሽሽት መታችው። በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። 35 ዓመቱ ነበር። ብዙ ሰው በቃ ይላል። እሱ በአንድ ወር ተመለሰ። በዚያው ዓመት ዘጠነኛውን የወርቅ ጓንት ወሰደ፣ በመከላከል ለበለጠ ተጫዋች የሚሰጠውን ሽልማት።

ሁሉም ግን አይመለስም። ከያዲየር በፊት የካርዲናልስ ካቸር የነበረው ማይክ ማቲኒ በ2004 ለዚህ ልጅ ቦታ ለቆ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ። እዚያ ጭንብሉን እየመቱ የተመላለሱ ኳሶች ጭንቅላቱን ጎዱት፤ ጨዋታውን ለማቆም ተገደደ። የሳን ፍራንሲስኮው ካቸር ባስተር ፖዚ ደግሞ በ2011 ሯጭ በሙሉ ኃይሉ ገጭቶት እግሩ ተሰበረ። ከ2014 ጀምሮ ሯጭ ሆን ብሎ ካቸርን እንዳይገጭ ሕግ ወጣ። ለእኔ እጅግ የዘገየ ሕግ ነው። አሜሪካ ሆናችሁ ልጃችሁ የካቸር ጓንት ይዞ ወደ ቤት ከመጣ፣ ጭንብሉ በልኩ መሆኑን እባካችሁ ራሳችሁ እዩት።

[ምስል፦ ሴንት ሉዊስ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2022]

16 ዓመት አለፈ። ዌይንራይት 41 ዓመቱ ነው፣ ያዲየር 40። ሁለቱ አብረው ጨዋታ ሲጀምሩ ይህ 325ኛው ነበር። ከዚያ በፊት ክብረ ወሰኑ የዲትሮይቶቹ የሚኪ ሎሊችና የቢል ፍሪሃን ነበር፣ 324። በአንድ ቡድን፣ አንዱ ወርዋሪ ሌላው ያዢ ሆኖ ይህን ያህል መቆየት ማለት ያለ ንግግር መግባባት ማለት ነው። ቁጥሩን 328 አድርሰው በዚያው ዓመት ያዲየር ጓንቱን ሰቀለ።

በሚቀጥለው ማርች ማያሚ ውስጥ የፖርቶ ሪኮን ብሔራዊ ቡድን ይዞ በዋና አሠልጣኝነት መጣ። ከመቺው ጀርባ ሌላ ልጅ ቁጢጥ ብሏል። ያዲየር ከሜዳው ዳር ቆሟል።