ሊዝ ከመፈረማችሁ በፊት

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ አላችሁ፣ ልጅ ታቅፋችሁ የቆማችሁም አያለሁ። እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ፣ እባካችሁ ተቀመጡ። ልጆቹም ቢጫወቱ ቢጮሁ ምንም አይደል፣ የመጣነው ለእነሱ ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቤት ኪራይም ስለ ትምህርት ቤትም ነው። እዚህ አሜሪካ ሁለቱ አይነጣጠሉም። አዲስ አበባ ሳሪስ ተከራይቶ ልጁን ቦሌ የሚያስተምር ሞልቷል፤ ሰርቪስ ይከፍላል፣ አለቀ። እዚህ ግን ልጁ የትኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት እንደሚገባ በአብዛኛው የሚወስነው የምትኖሩበት አድራሻ ነው። ሊዝ፣ ማለትም የቤት ኪራይ ውል፣ ስትፈርሙ አስተማሪውንም፣ የሚሳፈርበትን ባስም፣ አብሮት የሚውለውን ጓደኛም አብራችሁ መረጣችሁ ማለት ነው። እኔ ስመጣ ይህን ቁጭ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው በዲቪ ቨርጂንያ የገባነው፣ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን። ትልቁ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ጥቂት ወር የባለቤቴ እህት ቤዝመንት ውስጥ ከቆየን በኋላ ቤት መፈለግ ጀመርን። ሥራ ቦታ ያለች አንዲት እህት "ፎልስ ቸርች ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው፣ እዚያ ፈልጉ" አለችኝ። ስካይላይን አካባቢ አፓርትመንት አገኘን። ማስታወቂያው ፎልስ ቸርች ይላል፣ የሐበሻ ሱቅ በእግር ነው፣ ደስ ብሎን ፈረምን። ልጆቹን ላስመዘግብ ፎልስ ቸርች ከተማ ትምህርት ቤት ስሄድ ጸሐፊዋ አድራሻዬን ኮምፒውተር ላይ አየችና "ይሄ እኮ ፌርፋክስ ካውንቲ ነው፣ እኛ ጋ አይደለም" አለችኝ። ሊዙን አውጥቼ አሳየኋት። "ፎልስ ቸርች ይላል!"

ይላል። እንዲያ የሚለው ግን ፖስታ ቤቱ ነው። የፎልስ ቸርች ከተማ በጣም ትንሽ ናት፣ ሁለት ስኩዌር ማይል ገደማ፣ የራሷ ትምህርት ቤቶች አሏት። በፖስታ ስሟን የሚጋራው ሰፈር ግን ከእሷ ብዙ እጥፍ ይሰፋል፣ አብዛኛውም ፌርፋክስ ካውንቲ ነው፣ የራሱ አስተዳደርና ትምህርት ቤቶች ያሉት ሌላ ወረዳ ማለት ነው። አሌክሳንድሪያም እንደዚሁ ነው፤ ከከተማው ድንበር ወጥታችሁ ወደ ደቡብ ስትነዱ ደብዳቤው አሌክሳንድሪያ እያለ ይመጣል፣ ልጁ የሚማረው ግን ፌርፋክስ ነው። በሜሪላንድ በኩል ሲልቨር ስፕሪንግ ብትሉ ራሱን የቻለ ከተማ እንኳ አይደለም። ስለዚህ የሰፈሩን ስም ትታችሁ የቤቱን ቁጥርና መንገዱን ያዙ። የትምህርት ቤት ዲስትሪክቶቹ፣ ማለትም የየአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድሩት፣ ድረ ገጽ ላይ አድራሻ የሚገባበት ቦታ አለ፤ አንደኛ ደረጃው፣ መካከለኛው፣ ሃይስኩሉ ተዘርዝሮ ይወጣላችኋል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ማዶና ማዶ ያሉ ሁለት ሕንጻዎች ሊለያዩ ይችላሉ። ድንበሩም አንዳንዴ ይቀየራል፣ ስለዚህ ደውላችሁ "በሚቀጥለው ዓመት የሚለወጥ ነገር አለ ወይ?" በሉ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ።

ልጄ ያ ሳናውቅ የገባንበት ትምህርት ቤት ተመችቶት ነበር። የኢሶል አስተማሪው፣ ማለትም እንግሊዝኛ የምታስተምረው፣ በስሙ አስተካክላ ትጠራዋለች፣ እሱም ማውራት ጀምሯል። ዓመት ሳይሞላ የቤት መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ያን ትምህርት ቤት አየሁት። የተሰጠው ደረጃ ከአስር አራት። ሌሊቱን አልተኛሁም። "ባሕር ተሻግሬ ልጄን አራት ላይ ላስቀምጥ?" አልኩ። ዘጠኝ የተጻፈበት ሰፈር ሄድን። ኪራዩ በወር ስድስት መቶ ዶላር ጨመረ፣ እኔ የሌሊት ሺፍት ያዝኩ፣ ባለቤቴ እስከ እኩለ ሌሊት ኡበር ይነዳል፣ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን የሚሠሩበት ሰዓት ላይ ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው የለም። ዓመት እንደምንም ገፋነውና አልቻልንም፤ ወደ ድሮው ሰፈር ተመለስን።

ከተመለስን ከሦስት ሳምንት በኋላ የልጁን ክፍል ሳጸዳ አልጋው ሥር ካርቶን አገኘሁ። መጽሐፎቹ፣ ኳሱ፣ አያቱ የላኩለት ሹራብ፣ ሁሉም እንደታሸገ፣ ፕላስተሩ እንኳ አልተነካም። "ለምን አልከፈትከውም?" አልኩት። "ደግሞ ልንሄድ አይደል?" አለኝ። አራተኛ ክፍል ነበር። ያን ቀን ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ይህ ልጅ ሃይስኩል እስኪጨርስ ከዚህ ቀጠና አንወጣም ተባባልን። አልወጣንም። አፓርትመንት አንዴ ቀይረናል፣ እዚያው ፒራሚድ ውስጥ ነው። ፌርፋክስ ውስጥ ፒራሚድ የሚሉት ወደ አንድ ሃይስኩል የሚመግቡትን ትምህርት ቤቶች ነው፤ ይህን ቃል ያዙት።

ያ ቁጥር ውሸት ነው አልልም። በብዛት የሚለካው ግን የፈተና ውጤት ነው፣ የፈተና ውጤት ደግሞ ከቤተሰብ ገቢ ጋር አብሮ ይሄዳል። ልጃችሁን ማን እንደሚቀበለው ቁጥሩ አይነግራችሁም። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ ሄጄ ማየት ነው የምመርጠው። ልጆች በሚለቀቁበት ሰዓት በሩ ላይ ቁሙ። አዲስ ገብ ልጆች ስንት እንደሆኑ፣ የኢሶል አስተማሪ በየቀኑ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። ከዚያ ኪራዩን አስቡት፤ አንዱ ሥራ ቢያጣ ስንት ወር ትቆማላችሁ? ሦስት አራት ዓመት የምትከፍሉት ቤት ይሻላል፣ በየዓመቱ ከምትነቀሉበት።

ጥቂት ነገር ልጨምር። ከዘመድ ጋር ያላችሁ ሰዎች ሊዝ የለንም ብላችሁ ልጅ ቤት አታስቀምጡ። የቤቱ ባለቤት ሞልቶ የሚፈርመው ቅጽ አለ። ቤት አጥቶ ወይም አቅም አጥሮት ሰው ቤት ለተጠጋ ልጅ ደግሞ ማኪኒ ቬንቶ የሚባል የ1987 የፌዴራል ሕግ አለ፤ ወረቀት ባይሟላም ወዲያው ይመዘገባል። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይም ልጅን ከትምህርት አያስቀርም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ወስኗል። የማትኖሩበትን አድራሻ ግን አትስጡ፤ ሲደረስበት ልጁ ከትምህርት ቤቱ ይወጣል፣ ክፍያም ሊጠየቅባችሁ ይችላል።

አምስት ዓመት የሚሞላው ልጅ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ። ኪንደርጋርተን ለመግባት ቨርጂንያ እስከ ሴፕቴምበር 30፣ ሜሪላንድ እስከ ሴፕቴምበር 1 አምስት ዓመት መሙላት አለበት። እንቁጣጣሽ ዕለት የተወለደ ልጅ ቨርጂንያ ይገባል፣ ሜሪላንድ ቀድሞ ለመግባት ካላመለከታችሁ ዓመት ይጠብቃል። የክትባት ካርዱም ላይ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈ ቀድማችሁ አስለውጡት፣ ነርሷ ልጁ ሳይወለድ የተከተበ ይመስላታል።

እኔ ጨርሻለሁ። እዚያ ጥግ ላፕቶፕ አስቀምጠናል። ያያችሁት ቤት ካለ፣ ያልፈረማችሁት ሊዝ ካለ፣ አድራሻውን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናስገባው። ቡናውም ደርሷል።