ገመዱን መቼ ልያዝ፣ መቼ ልልቀቅ? ከውሻቸው ጋር ሙርላንድ ለሚወጡ አድማጮች

በፕሮግራማችን ስለ ውሻ እናውራ ስንል ሦስት ሰው ቢደውል ነው ብለን ነበር። ስልኩ ግን አላርፍ አለ። ለካስ እንግሊዝ አገር ውሻ የያዘው ሀበሻ ቀላል አይደለም! ሰዓቱ ስላልበቃን ጥያቄዎቻችሁን እዚህ በጽሑፍ ልመልስ። አብዛኞቹ ስለ ሙርላንድ ናቸው። ሙርላንድ ዛፍ የሌለው፣ ሣርና ሄዘር የለበሰ፣ ነፋስና ረግረግ የማያጣው ደጋ ነው። ሄዘር የእኛ አስታ ዘመድ ስለሆነ ጉና ወይም ጮቄ የወጣ ሰው ብዙም አይገረምም። ዓመቶቹንና ወሮቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ከሼፊልድ የደወለች እህት፦ "ፒክ ዲስትሪክት ሄደን፣ አጥር የሚባል የሌለበት ሜዳ ላይ ቡቺን ለቀቅኩት። አንድ ሽማግሌ ጮኸብኝ። ነጻ ሜዳ አይደለም እንዴ?"

ጩኸቱን ባልወድለትም ሰውየው ልክ ነው። በ2000 የወጣው ሕግ በክፍት መሬት ላይ እንደልባችን እንድንራመድ ፈቅዶልናል። ፈቃዱ ግን ለእኛ እንጂ ለቡቺ እንደዚያ ልቅ አይደለም። ከማርች 1 እስከ ጁላይ 31 ውሻ ከ2 ሜትር በማይበልጥ ገመድ መያዝ አለበት። ማርች 1 የአድዋ ዋዜማ ስለሆነ አትረሺውም። በግና ከብት አጠገብ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ነው። ያ እየተጠቀለለ የሚረዝመው ገመድ፣ ተዘርግቶ 5 ሜትር ሲደርስ፣ ገመድ ያዝኩ አያሰኝም።

ምክንያቱ ወፎቹ ናቸው። ከርሉ፣ ላፕዊንግ፣ ስካይላርክ የሚባሉት መሬት ላይ ነው የሚፈለፍሉት። ውሻው መንከስ አይጠበቅበትም። አጠገቧ ካለፈ እናቲቱ ትነሳለች፣ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፣ ቁራ ይጨርሰዋል። አንቺ ደግሞ ምንም ሳታዪ "ቡቺ እንዴት ደስ ብሎት ሮጠ" እያልሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ግራውስ የሚባለው ወፍ ለአደን በሚረባበት ሙርላንድ ባለመሬቱ ውሻ ጨርሶ እንዳይገባ ማድረግ ይችላል። ስለዚህ በሩ ላይ ያለውን ምልክት አንብቢ። መሬቱን አቋርጦ የሚያልፍ የሕዝብ የእግር መንገድ ካለ ግን ከመንገዱ ሳትወጡ፣ በገመድ ይዘሽው እለፊ።

በግን በተመለከተ ቀልድ የለም። አንዲት ደንበኛዬ ስለ ውሻዋ "ልጄ እኮ የዋህ ናት፣ ልትጫወት ብላ ነው" አለችኝ። በጓ ይህን በምን ታውቃለች? ያረገዘች በግ ስለተባረረች ብቻ ልትጨነግፍ ትችላለች። በ1971 የወጣው የእንስሳት ሕግ ደግሞ በጎቹን ለማዳን ሌላ መንገድ ያጣ ገበሬ ውሻውን ተኩሶ ቢገድል መከላከያ ይሰጠዋል።

ከብሪስቶል የደወለ ወንድም፦ "ላሞች ከነጥጆቻቸው መጡብን። እኔ ውሻውን አጥብቄ ያዝኩ፣ ባለቤቴ ልቀቀው ትላለች። እስካሁን አልታረቅንም።"

ይቅርታ ጠይቃት፤ እሷ ናት ልክ። ገመዱን የምትለቅበት ቦታ ቢኖር ይኸው ነው። ላሟ ከአንተ ጸብ የላትም። ጥጃዬን ሊበላ መጣ ብላ የምታየው ውሻውን ነው። ስትለቀው ሮጦ ያመልጣል፣ እሷም እሱን ትከተላለች። አጥብቀህ ስትይዘው ግን መሃል ቤት የምትረገጠው አንተ ነህ። በዚህ አገር በየዓመቱ በላም ተረግጦ የሚሞት ሰው አለ፤ ከሚሞቱት እግረኞች ደግሞ ብዙዎቹ ውሻ ይዘው የሚሄዱ ናቸው።

የእኛ ሰው ደግሞ ችግሩ ላም አይፈራም። እረኛ ሆነን ያደግን ሰዎች "ሂጂ!" ብለን እጃችንን ስናነሳ የምትሸሽ ላም ነው የምናውቀው። እዚህ ያለችው ላም እረኛ አታውቅም፤ ስድስት መቶ ኪሎም ልትመዝን ትችላለች። ስለዚህ በላሚቱና በጥጃዋ መሃል አትግባ። ዙሪያውን ሂድ። ለደኅንነትህ ብለህ ከመንገዱ ትንሽ ብትወጣና አልፈህ ብትመለስ ማንም አይከስህም። ቢመጡብህም አትሩጥ፤ ውሻውን ልቀቅና በፈጣን እርምጃ ወደ በሩ ሂድ።

ከለንደን የደወሉ እናት፦ "ልጄ ውሻዋን ተራራ ወስዳ ስትመጣ ውሻዋ ላይ መዥገር ተጣብቆ ነበር። ላምባ ልቀባላት ስል ጮኸችብኝ።"

እማማ፣ በላምባም በክብሪትም አገር ቤት ሁላችንም ያደግንበት ነው። ልጅዎ ግን እውነቷን ነው። መዥገር ላምባ ሲነካው ወይም ሲጨመቅ የጠጣውን መልሶ ወደ ቆዳው ሊተፋ ይችላል። በሽታውም አብሮ ይገባል ማለት ነው።

የቤት እንስሳት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ትንሽ የፕላስቲክ መንጠቆ አለ። ጫፏ እንደ ሚስማር መንቀያ የተሰነጠቀች ናት። ጸጉሯን ገለጥ አድርገው፣ መንጠቆዋን ከጎን በኩል ቆዳው ላይ አስጠግተው ያስገቡና ሳይስቡ ያዙሯት፤ ሁለት ሦስት ዙር ይበቃል። ለቆ ይወጣል። እግሮቹ ሲንቀሳቀሱ ካዩ ሙሉውን አወጡት ማለት ነው። ከዚያ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ፍለጋው ጆሮ ውስጥ፣ ብብት፣ በጣቶች መሃል፣ በተለይ አንገት ማሰሪያው ሥር ነው።

ልጅዎንም ትፈተሽ ይበሏት። ላይም የሚባለው በሽታ በዚሁ መዥገር ነው ሰውን የሚይዘው። ከቀናት እስከ ሳምንታት ቆይቶ ቆዳ ላይ ቀለበት እየሰፋ ይሄዳል። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ እንደ ፈረንጅ ቁልጭ ብሎ ላይታይ ስለሚችል፣ ትኩሳትና ድካም ከመጣባት "መዥገር ነክሶኝ ነበር" ብላ ለሐኪሟ ትንገር። በጊዜ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይድናል።

ከፕሊመዝ፦ "ዳርትሙር የሚባለው ሙርላንድ ስንሄድ ውሻዬ ወንዝ ካየች አትያዝም። ትዋኝ ወይ?"

ገመድ ግዴታ በሆነባቸው ከማርች እስከ ጁላይ ባሉት ወራት ካልሆነ ገመዱን ፍቺና ትዋኝ፤ የሚጎተት ገመድ ድንጋይና ሥር ላይ ተጠምጥሞ ያሰጥማታል። ግን መጀመሪያ ወንዙን እዪው። ምሥራቅና ምዕራብ ዳርት የሚባሉት ወንዞች ዳርትሚት የሚባል ቦታ ላይ ሲገናኙ በደረቅ ቀን ልጆች የሚጫወቱበት ነው። ላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን አፈሩ ውኃ ስለጠገበ ሁሉንም ወደ ታች ይለቀዋል፤ አንቺ የቆምሽበት ፀሐይ ሆኖ እንኳ ወንዙ በሰዓታት ውስጥ ይሞላል። የአካባቢው ሰው ስለዚህ ወንዝ በየዓመቱ አንድ ነፍስ ይወስዳል ይላል። ውሻዋ ብትወሰድ ተከትለሽ አትግቢ። አብዛኛውን ጊዜ ውሻ ራሷ ትወጣለች፤ የሚቀረው ባለቤቷ ነው። ዳር ዳሩን ወደ ታች እየሄድሽ ጥሪያት።

በበጋ የረጋ ወይም ቀስ ብሎ የሚፈስ ውኃ ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ የሚመስል ነገር ካየሽ ግን አትቅመስም፣ አትንካም። መርዛማ አልጌ ሊሆን ይችላል፤ ማርከሻ የለውም፣ በሰዓታት ይገድላል። በአይጥ ሽንት የሚመጣው የሌፕቶስፓይሮሲስ ክትባትም በየዓመቱ ይታደስ።

አንድ ነገር እኔን ራሴን የሚያሳፍረኝ አለ። ለዓመታት የቁንጫ ጠብታ ውሾች ጀርባ ላይ እያደረግሁ "በሉ ሂዱ" ስል ኖሬያለሁ። በጠብታዎቹ ውስጥ ያሉት ፊፕሮኒልና ኢሚዳክሎፕሪድ በእንግሊዝ ወንዞች ውስጥ ተገኝተዋል። በጣም ትንሽ መጠን እንኳ የውኃ ነፍሳትን ይፈጃል፤ ዓሣው የሚበላው ደግሞ እነሱን ነው። ጠብታ ካደረግሽላት ከወንዝ አርቂያት፤ ስንት ቀን እንደሆነ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ወይ በአፍ የሚሰጠውን ክኒን ሐኪምሽን ጠይቂ።

ከሊድስ በጽሑፍ፦ "እዚህ አገር እባብ አለ?"

አለ። መርዝ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እፉኝት፣ ጀርባው ላይ ዚግዛግ ያለው። በጸደይ ፀሐይ ሊሞቅ ይወጣል፣ ውሻው አፍንጫውን ሲያስጠጋ ይነክሰዋል። ቁስሉን አትሰር፣ አትብጣ፣ አትምጠጥ። ከቻልክ ተሸክመኸው ወደ መኪና፣ እየደወልክ ወደ ሐኪም።

ከማንችስተር፦ "ውሻዬ የተጸዳዳውን በፌስታል ቋጥሬ ዛፍ ላይ ብሰቅለውስ? ስመለስ እወስደዋለሁ።"

ስትመለስ ትረሳዋለህ። ሁሉም ይረሳዋል። በውሻ ዓይነ ምድር የሚተላለፍ ኒዮስፖራ የሚባል ተውሳክ ላሞችን ያስጨነግፋል፣ ስለዚህ ገበሬው የሚናደደው በመጥፎ ጠረኑ ብቻ አይደለም። ክዳን ባለው ዕቃ አድርገህ ቦርሳህ ጎን ላይ አንጠልጥለው።

ከበርሚንግሃም የደወለ ወጣት፦ "ለገና አገር ቤት ቡቺን ይዤ መሄድ አስቤያለሁ። ባሌ፣ ሳነቲ ላይ አብረን ብንራመድስ? ክትባቱን ሁሉ ጨርሷል።"

አይሆንም፣ ወንድሜ። ሳነቲ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለ፣ እዚህ ካየኸው ሙርላንድ ሁሉ የሚበልጥ ደጋ ነው። ግን የቀይ ቀበሮ ቤት ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ያለው ባሌ ውስጥ ነው። እነሱን የጨረሳቸው ጥይት ሳይሆን ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ዲስቴምፐር የሚባለውም ተከትሎ መጥቷል። ለዚህ ነው በየመንደሩ እየዞሩ የገበሬውን ውሻ የሚከትቡት።

የአንተ ቡቺ ተከትቧል፣ እሺ። ግን አካባቢው ካሉት ውሾች ጋር ሲገናኝ ምን ይዞ እንደሚሄድ አታውቅም። መመለሻውም አለ፤ ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ውሻ እዚህ የእብድ ውሻ በሽታ የደም ምርመራ ይጠየቃል፣ ሳይዘጋጁ የሄዱ ወራት ይጠብቃሉ። ቡቺን እዚሁ ለሰው አደራ ስጥና ሂድ። ጎባ እደር፣ በማለዳ ውጣ። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ቀይ ቀበሮውን ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ሆዱ መሬት ነክቶ፣ ጆሮውን አቁሞ ታገኘዋለህ።