በረዶ የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ምንጣፍ፦ እናቱን ወደ ውጭ ለሚሸኝ ቤተሰብ

[ምስል፦ ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ። ከስሩ የደሴ ቆርቆሮ ጣሪያዎች።]

ሰላም ወገኖች፣ እንደምን ናችሁ? ከደሴ ነን። ዛሬ የምናሳያችሁን እቃ ፒያሳን ብትዞሩ አታገኙትም። ጥቁር የጎማ ምንጣፍ ነው። ደጃፍ ላይ ይነጠፋል፣ ሶኬት ላይ ይሰካል፣ የሚወድቅበትን በረዶ ያቀልጣል።

ለደሴ ሰው ምን ያደርግለታል ትሉ ይሆናል። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያ ልጃቸውን ሊያርሱ ወደ ውጭ የሚሄዱ እናቶች ብዙ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ዴንቨር የሚወርዱ አሉ፣ ሚኒያፖሊስ የሚወርዱ አሉ። ጉዞው ክረምታቸው ላይ ከገጠመ፣ ልጅ ከዚያ ይደውልና «ደጃፋችን ላይ የሚሞቅ ምንጣፍ አንጥፈናል፣ አብሽሩ» ይላል። እዚህ ያለው ወንድም ይደነግጣል። «ኤሌክትሪክና ውሃ አንድ ላይ? እማዬን ልታስጨርሳት ነው?»

የወንድምየው ስጋት ትክክል ነው። እቃው ግን በአግባቡ ከተያዘ ጥሩ እቃ ነው። አሠራሩን አብረን እንየው።

[ምስል፦ በረዶ የለበሰ ደረጃ። አካፋ ግድግዳ ላይ ተደግፎ።]

የወሎ ሰው ለብርድ አዲስ አይደለም። ደላንታና ለጋምቦ ያደገ ሰው ውርጭ ምን እንደሚያደርግ ያውቀዋል። ግን የኛ በረዶ ከሰዓት ይወርድና ብዙም ሳይቆይ ይቀልጣል። የነሱ ይከርማል። ቀን ፀሐይ ትነካውና ላዩ ይቀልጣል፣ ማታ መልሶ ይረጋል። ጠዋት መሬቱ እርጥብ ብቻ ይመስላል። እግር ሲያርፍበት ነው በረዶ መሆኑ የሚታወቀው። ዴንቨር ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ የቀን ፀሐይዋ ጠንካራ፣ ሌሊቷ ብርድ ነው።

ዕድሜያቸው ለገፋ እናት እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መውደቅ ቀላል ነገር አይደለም። የዳሌ አጥንት ስብራት በዚያ ዕድሜ ወራት ይወስዳል። በረዶውን በአካፋ መዛቅም የራሱ አደጋ አለው። ብርድ የደም ሥርን ያጠባል። ድንገተኛ ከባድ ጉልበት ደግሞ ልብን ያስጨንቃል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ስለዚህ ነገር በተደጋጋሚ ያስጠነቅቃል። እናቶቻችንን ታውቋቸዋላችሁ፣ ቁጭ ብሎ ማየት አይሆንላቸውም። ልጅ ሥራ ሲሄድ ጠብቀው አካፋውን ያነሳሉ። ገና ቦሌ ሳይደርሱ ንገሯቸው፦ አካፋው የእርስዎ ሥራ አይደለም።

[ምስል፦ የምንጣፉ ውስጥ። ሁለት የጎማ ንጣፍ፣ መሃል ላይ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ሽቦ።]

ውስጡ ምን አለ? የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤት ሁሉ አሠራሩን ያውቀዋል። ምጣዱ ሥር የተጠመዘዘ ሽቦ አለ። ከረንት ሲያልፍበት ሽቦው ይቃወመዋል፣ በዚያ ምክንያት ይግላል። ምንጣፉም ያው ነው። ልዩነቱ ሽቦው በሁለት ወፍራም ጎማ መሃል ታሽጎ ውሃ እንዳይገባው መደረጉ ነው። ኃይሉም አነስተኛ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይወስዳል። ምንጣፉ ግን በካሬ ሜትር ከ300 እስከ 500 ዋት ቢሆን ነው። ሥራው ከዜሮ ዲግሪ ጥቂት ከፍ ማለት ብቻ ስለሆነ እግርን አያቃጥልም።

አሁን ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ይህን ያልሠራ ሰው ምንጣፉን ገዝቶ ይናደዳል።

በረዶ ሲቀልጥ ብዙ ሙቀት ይበላል። አንድ ኪሎ በረዶ ዜሮ ዲግሪ ላይ ሆኖ ወደ ውሃ ለመለወጥ 334 ኪሎ ጁል ይፈልጋል። ይህ ሙቀት አንድ ኪሎ ውሃን ከዜሮ እስከ 80 ዲግሪ ያሞቃል! እና ይህን ሁሉ በልቶም ውሃው ገና ዜሮ ዲግሪ ላይ ነው።

[ምስል፦ አንድ ካሬ ሜትር፣ 5 ሴንቲ ሜትር በረዶ። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ።]

አዲስ የወደቀ በረዶ አየር የበዛበት ነው። ቀለል ያለው በሜትር ኩብ 100 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 5 ኪሎ ይሆናል። በረዶው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ከነበረ፣ እሱን አሙቆ ለማቅለጥ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። 400 ዋት ያለው ምንጣፍ በሰዓት 4 ሴንቲ ሜትር ያቀልጣል ማለት ነው። ይህ የወረቀት ሂሳብ ነው። ነፋስ ከላይ፣ መሬት ከታች ሙቀቱን ይቀሙታል። እርጥብና ከባድ በረዶ ከሆነም ያንሳል።

ከዚህ ሂሳብ ሁለት ነገር ይወጣል። የመጀመሪያው፦ በረዶው ከተቆለለ በኋላ ምንጣፉን መሰካት አይረባም። ከታች ያለው ይቀልጥና በምንጣፉና በክምሩ መሃል ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ላይኛው በረዶ እንደ ድልድይ ቆሞ ይቀራል፤ ሙቀቱ አይደርሰውም። ስለዚህ ትንበያውን አይቶ ቀድሞ ማብራት ነው፤ አንድ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ቢበራ ጥሩ ነው። እያንዳንዱ ብናኝ እንደወደቀ ይቀልጣል።

ሁለተኛው፦ ግቢውን ሙሉ አሞቃለሁ ያለ ሰው አይችለውም። የአሜሪካ ተራ ሶኬት 120 ቮልት ነው፣ ከረንት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው ብሬከር ብዙውን ጊዜ 15 አምፔር ነው። ለሰዓታት ለሚበራ እቃ ከዚያ ውስጥ 80 በመቶውን ብቻ መጠቀም ይገባል። 12 አምፔር፣ ማለትም 1,440 ዋት። በካሬ ሜትር 400 ዋት ብንይዝ፣ ይህ የሚያሞቀው 60 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 6 ሜትር ርዝመት ያለው መተላለፊያ ነው። አንድ ሰው የሚያልፍበት፣ ከበሩ እስከ መኪናው። በዚያው መስመር ላይ ሌላ የሚበራ እቃ ካለ ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ለኔ ግን ይበቃል፤ እማማ የሚረግጡት እሱን ነው። ለደረጃ በልኩ የተሠሩ ጠባብ ምንጣፎች አሉ። ገንዘቡ ውስን ከሆነ መጀመሪያ ደረጃውን።

የመብራት ወጪውም ከዚሁ ይወጣል። ያ መተላለፊያ 10 ሰዓት ቢበራ 14.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በአካባቢው ታሪፍ ማባዛት ብቻ ነው። ታይመር ወይም የሙቀት መጠን አይቶ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ካለው ብዙ ይቆጥባል።

የእግረኛ መንገዱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በዴንቨርም በሚኒያፖሊስም በረዶው ካቆመ በኋላ ባለቤቱ ከቤቱ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ በ24 ሰዓት ውስጥ የማጽዳት ግዴታ አለበት። እሱን በአካፋ፣ በጎልማሳ ጉልበት።

[ምስል፦ ከምንጣፉ ጠርዝ የሚወርድ ውሃ። ካሜራው ውሃውን ይከተላል።]

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው ነገር። የቀለጠው በረዶ የት ይሄዳል?

5 ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 5 ሊትር ውሃ ነው። በ6 ሜትሩ መተላለፊያ ላይ 18 ሊትር ይሆናል፣ አንድ ትልቅ ጀሪካን ሊሞላ ምንም አይቀረው። ይህ ውሃ ከምንጣፉ ወርዶ ቀዝቃዛው ኮንክሪት ላይ ሲደርስ መልሶ ይረጋል። ምንጣፉ ደርቆ ጠርዙ ላይ በረዶ ይሠራል። ምንጣፉን አምኖ የሄደ እግር፣ የመጨረሻው እርምጃ ላይ ያዳልጠዋል። በጣም የምፈራው ይህንን ነው፤ ሰው ምንጣፍ አለ ብሎ ተዘናግቷልና።

መፍትሔው ከመዝራት በፊት እንደሚቀደደው ቦይ አስቀድሞ የሚታሰብ ነው። መሬቱ ወዴት ነው የሚያዘነብለው? ውሃው ወደ ሣሩ ከፈሰሰ መልካም። ወደ መተላለፊያው ከፈሰሰ ምንጣፉ ቦታውን መቀየር አለበት፣ ወይም ጠርዙ ላይ ጨው መነስነስ አለበት። ተራ ጨው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ይዳከማል። ሚኒያፖሊስ ከዚያ በታች ስትወርድ ካልሲየም ክሎራይድ የሚባለው ይሻላል። ሁለቱንም ማብዛት ኮንክሪቱን ይጎዳል።

[ምስል፦ ከቤት ውጭ ያለ ክዳን ያለው ሶኬት።]

ወደ ወንድምየው ስጋት እንምጣ። እዚያ አገር የውጭ ሶኬት ጂኤፍሲአይ የሚባል መከላከያ እንዲኖረው ይጠየቃል። የሚሄደውንና የሚመለሰውን ከረንት ያወዳድራል። 5 ሚሊ አምፔር ያህል ከጎደለ፣ ያ ከረንት በሰው ወይም በውሃ በኩል እየሾለከ ነው ማለት ነው። ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጠዋል። ሶኬቱ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለው። ልጅየው ይጫነው፣ መብራቱ ካልጠፋ ምንጣፉን አይሰካ።

ለቤት ውስጥ የተሠራ ኤክስቴንሽን ወደ ውጭ ስቦ ማውጣት ክልክል ነው። ቀጭን ሽቦ ለሰዓታት 12 አምፔር ሲሸከም ይግላል። ምንጣፎቹ የሚያያዙበት ሶኬት ውሃ የማያስገባ፣ ከኩሬ ከፍ ያለ መሆን አለበት። ምንጣፉ ላይ በአካፋ ጫፍ መፋቅም አይገባም። ጎማው ከተቀደደ በፕላስተር አይጠገንም። ይጣላል።

ከተማ ሙሉ በዚህ መንገድ የሚሠሩም አሉ። በሚቺጋን ግዛት ሆላንድ የምትባል ከተማ ከ1988 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች) ጀምሮ የመሃል ከተማ መንገዶቿን ሥር በተቀበረ ቱቦ፣ በሙቅ ውሃ ታሞቃለች። ሬይኪያቪክ ደግሞ ቤቶችን አሙቆ የተመለሰውን የከርሰ ምድር ሙቅ ውሃ መንገድ ሥር ታሳልፈዋለች። ባይባክን ብሎ ማሰብ ይህ ነው!

[ምስል፦ ደሴ፣ ዝናብ ያባራበት ሰፈር።]

በመጨረሻ፣ ከዚያ ሲመለሱ ምንጣፉን ሻንጣ ውስጥ ከተው ለሚያመጡ። ደሴ ላይ በክረምት የሚያዳልጠን ጭቃ ነው። ለጭቃ ምንጣፍ አይሠራለትም። ከዚያ በላይ ደግሞ የኛ ሶኬት 220 ቮልት ነው። ለ120 ቮልት የተሠራ ሽቦ 220 ላይ ሲሰካ ኃይሉ እጥፍ ብቻ አይሆንም፣ ከ3 እጥፍ ይበልጣል። 400 ዋት የነበረው 1,300 ዋት ያልፋል። ጎማው ይቀልጣል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ቮልቱን የሚቀንስ ኮንቨርተር ቢገኝ እንኳ ፍራሽ ሥር አታድርጉት፣ ሕፃንም አታስተኙበት። ሙቀቱ እንዲወጣ ክፍት አየር ላይ የተሠራ እቃ ነው፤ ሲሸፈን ሙቀቱ መውጫ ያጣል።