እርጥቡን ከደረቁ፦ ለጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ የየብሎኩ ተጠሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ። የእሑድ ከሰዓታችሁን ሰጥታችሁን ስለመጣችሁ እናመሰግናለን።

ስለ አካባቢ እንነጋገር ሲባል ቀድሞ የሚነሳው አምፖልና ፌስታል ነው። የፌስታሉ ነገር በሕግ ተይዟል፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ይከለክለዋል። አምፖሉንም ብዙዎቻችን ቀይረናል። ዛሬ ያመጣናቸው ሁለት ነገሮች ከእነዚህ ይከብዳሉ፤ የማድ ቤት እርጥብ ቆሻሻና ምጣድ ናቸው።

ከበራችሁ የሚወጣውን የቆሻሻ ጆንያ አንድ ቀን ዘርግፋችሁ እዩት። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሙዝ ቆዳ፤ ክብደቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀሪው ሃይላንድ፣ ካርቶንና ቆርቆሮ ነው። ይህ ለብቻው ቢቀመጥ ቆራሌው ከደጅ ይወስደው ነበር፤ በወጥና በአተላ ከተለወሰ በኋላ ግን የሚነካው የለም። ስለዚህ አምስት ዓይነት ባለቀለም ቅርጫት ግዙ አንላችሁም። እርጥቡ ይውጣ፤ ደረቁ ራሱን ያድናል።

እርጥቡ ከሌላው ጋር ተከምሮ አየር ሲያጣ ሜቴን ይፈጥራል፤ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ በበለጠ ሙቀት የሚያፍን ጋዝ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር ቆሼ ሲናድ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የዚያን ቀን ናዳ በአንድ ምክንያት ላይ መለጠፍ ተገቢ አይደለም። ክምሩ ግን በአብዛኛው ከከተማው ሰው ቤት የወጣ ነው።

አሁን ወደ ሥራው፤ እርጥቡን እዚሁ አበስብሰን ማዳበሪያ እናድርገው። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ላለበት ቤት ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ ይበቃል። የውኃ ቀለም የነበረበት ይሁን፤ የዘይት ቀለም ታጥቦ አይለቅም። ከሥሩ አሥር ቀዳዳ፣ በጎኑም ዙሪያውን በየ10 ሳንቲሜትሩ ቀዳዳ በጋለ ሚስማር ይበሳ። ባልዲው በሁለት ጡብ ላይ ይቀመጥ፤ ከሥሩ የሚወርደውን ፈሳሽ የሚቀበል ሰፊ ሳህን ይደረግለት። ከታች 5 ሳንቲሜትር ያህል ቀጫጭን ጭራሮ ይነጠፍ፤ የጫት ገራባ ግንድ ካለም ለዚህ ጥሩ ነው፤ ቶሎ ስለማይበሰብስ አየር ያስገባል። ከዚያ አንድ ጭብጥ አፈር።

ልጣጩን ከአውራ ጣት በማይበልጥ መጠን ቁረጡት። አንድ ጣሳ እርጥብ በጨመራችሁ ቁጥር ሁለት ጣሳ ደረቅ ቅጠል ወይም የተቀደደ ካርቶን አልብሱት። ደረቁ ሰጋቱራ ከሆነ አንድ ለአንድ ይበቃል፤ ሰጋቱራ ካርቦኑ እጅግ ብዙ ስለሆነ ሲበዛ መበስበሱን ያዘገየዋል። ከአናጢ ስትጠይቁ የጣውላ ብናኝ ብቻ በሉ፤ የቺፕውድና የኤምዲኤፍ ብናኝ ሙጫ አለበት።

የማይገባውም አለ። ሥጋና አጥንት፣ ወጥ የነካው እንጀራ፣ ዘይት የጠጣ ነገር አይጥ ይጠራል። አመድ በሳምንት አንድ ማንኪያ ቢሆን ነው፤ ከበዛ ተክል የሚመገበውን ናይትሮጅን አሞኒያ የሚባል ጋዝ አድርጎ ያበረዋል። የበዓል ቄጠማና ኮባ ግን ተቆራርጦ ይግባ።

ስለ ባልዲው አንድ ሐቅ አለ፤ ስንሸጥላችሁ ልንደብቀው አንፈልግም። 20 ሊትር ክምር አይግልም። ስለማይግል ደግሞ የቲማቲም ፍሬም ሆነ ጀርም አይገድልም። ስለዚህ የውሻና የድመት ኩስ፣ ዳይፐርም በፍጹም አይገባበትም። ቲማቲም ሳትዘሩት ቢበቅልላችሁም አትደነቁ።

አምስት ስድስት ሰው ያለበት ቤት ባልዲውን በሁለት በሦስት ሳምንት ይሞላዋል፤ የሞላው ለመብሰል ሦስት ወር ስለሚፈልግ በረንዳው በባልዲ ይጥለቀለቃል። ለዚህ ነው ለየብሎኩ አንድ የጋራ ሳጥን የምንመክረው። ቁመቱም፣ ወርዱም፣ ርዝመቱም 1 ሜትር፤ አራት ፓሌት (የዕቃ መጫኛ የእንጨት ርብራብ) በሽቦ ቢታሰር ይሆናል። ከዚህ ያነሰ ክምር ሙቀቱን መያዝ አይችልም። ከዚህ እጅግ የተለቀ ደግሞ መሐሉ አየር ያጣል። በደንብ የተሠራ ክምር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል። ቴርሞሜትር አያስፈልግም፤ አንድ የአርማታ ብረት እስከ መሐሉ ሰክታችሁ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ምዘዙት። ጫፉን ጨብጦ መቆየት ካቃታችሁ ሥራው እየሄደ ነው። ለብ ሲል አገላብጡት፤ ውጭ የነበረው ወደ ውስጥ፣ ውስጥ የነበረው ወደ ውጭ።

የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በውኃ ነው። ከክምሩ ጨብጣችሁ ጭመቁ፤ በጣቶቻችሁ መሐል አንድ ሁለት ጠብታ ቢታይ ልክ ነው። ከተንጠባጠበ በዝቷል፤ ከእጃችሁ ላይ ከተበተነ አንሷል። የገማ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷልና ገልብጣችሁ ደረቅ ጨምሩበት። እንደ ሽንት የሚሰነፍጥ ሽታ ከሆነ እርጥቡ ወይም አመዱ በዝቷል። ጉንዳን ከወረረው ደርቋል። ዝንብ ከመጣ የላዩን ደረቅ ሽፋን ረስታችኋል ማለት ነው፤ 3 ሳንቲሜትር ከላዩ አይጥፋ። ሐምሌና ነሐሴ በሸራ ካልተሸፈነ ዝናቡ ፍሬ ነገሩን አጥቦ ይወስደዋል።

በበሰለ ጊዜ ጥቁር፣ ፍርክስክስ የሚልና የጫካ አፈር የሚሸት ይሆናል። ዓይን ግን ይሳሳታል። ፌጦ አይሳሳትም። ትንሽ ማዳበሪያ ነፍታችሁ በስኒ ማስቀመጫ ላይ አርጥቡና አሥር ፍሬ ፌጦ ዝሩበት። ጎን ለጎንም በተራ አፈር ላይ አሥር ዝሩ። ከአራት አምስት ቀን በኋላ ሁለቱ እኩል ከበቀሉ ደርሷል። የማዳበሪያው ፌጦ ከቀረ፣ ወይም ሥሩ ቡናማ ሆኖ ከተኮማተረ ገና ነው፤ አንድ ወር ይቆይ። ያልበሰለውን በጎመን ሥር ካደረጋችሁት ጎመኑን ያቀጭጨዋል። የበሰለውን አንድ እጅ ለሦስት እጅ አፈር ቀላቅላችሁ በጀሪካን ቁራጭ ላይ በሶብላ፣ ጤናዳም፣ ጎመን ትሉበታላችሁ። (ጆንያውን ራሱን «ማዳበሪያ» የምንለው ሰዎች፣ ማዳበሪያ በማዳበሪያ ልንቋጥር ነው።)

ስለ ቧንቧ ባጭሩ። የሚረጋው ዘይት በድስት ሆኖ ፈሳሽ ነው፤ ቀዝቃዛ ቧንቧ ውስጥ ሲገባ እንደ ሻማ ይጠጥራል፤ የቡና አተላ ሲጨመርበት ኖራ ይሆናል። ፎቁ ላይ የፈሰሰው ምድር ቤት ያለውን ሰው ነው የሚያጥለቀልቀው። ድስቱን ከማጠባችሁ በፊት በወረቀት ጥረጉት፤ አተላውን ለባልዲው።

ወደ ምጣድ እንሂድ። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ምጣዶች 3 ሺህ 500 ዋት አካባቢ ይስባሉ። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 1.35 ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚፈጀው። እናም አንድ ሰዓት ሙሉ የሚስብ ምጣድ የዚያን አምፖል የሁለት ወር ተኩል ፍጆታ ይወስዳል። አምፖል አጥፋ እያሉ ልጅ መቆጣት ምጣዱን ካላዩት ብዙ አያተርፍም።

ብክነቱ ያለው ማሟሻው ላይ ነው። ሸክላው እስኪግል 15 ደቂቃ ቢፈጅ ወደ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ገና አንድ እንጀራ ሳይወጣ ሄዷል። ሊጡ ኩፍ ሳይል፣ ማሰሻው ሳይገኝ፣ ሰፌዱ ጎረቤት ሆኖ ምጣድ መጣድ ይህን ጊዜ እጥፍ ያደርገዋል። ሁሉም ከተሰናዳ በኋላ ይብራ። በሳምንት ሁለቴ የሚጋግሩ ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ምጣድ ተከታትለው ቢጋግሩ በወር ስምንት ማሟሻ፣ ማለትም 7 ኪሎዋት ሰዓት ይተርፋል። ሸክላ ሙቀት ይዞ ይቆያልና የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራ አጥፍታችሁ ጋግሩ። ከዚያም በሚተርፈው ሙቀት ላይ ድርቆሽ አድርቁበት። አክንባሎው ተጣምሞ እንፋሎት በአንድ ጎን የሚያመልጥ ከሆነ እንጀራው ዓይኑ ሳይወጣ ጊዜው ይረዝማል፤ ማቃናቱ ለቆርቆሮ ሠሪ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አደጋም አለ። 3 ሺህ 500 ዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ነው፤ ተራ ሶኬት የሚችለው ጫፍ ማለት ነው። ምጣድ በዲቫይደር አይሰካ። ከጋገራችሁ በኋላ ስፒናውን ስትነቅሉ ከጋለ፣ ወይም ሶኬቱ ዙሪያ ቡናማ ከሆነ ግንኙነቱ ላልቷል፤ የምትከፍሉበት ኤሌክትሪክ ግድግዳ እያሞቀ ነው። ለምጣድ ለብቻው ብሬከርና 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ወይም ከዚያ የወፈረ የመዳብ ሽቦ ያስፈልጋል፤ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሠራ።

ከሰልን በሚመለከት፣ በባህላዊ ክምር ለሚከሰል አንድ ኪሎ ከሰል ቢያንስ አምስት ኪሎ እንጨት ይነዳል። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውኃ ኃይል ስለሚመነጭ ሽሮና ወጥን ወደ ኤሌክትሪክ ማዞር እውነተኛ ለውጥ ነው። የቡናውን ሥነ ሥርዓት ተዉ የሚል ከእኛ መሐል የለም፤ ግን ፍሙ ለጀበናው ብቻ ይሁን፣ ምድጃውም ለክፍሉ ማሞቂያ ሆኖ አይደር። በዝግ ክፍል ያደረ ፍም ሽታ በሌለው ጋዝ ሰው ይገድላል።

ውኃ የመጨረሻው ነው። የሚንጠባጠብ ቧንቧ ሥር ለአንድ ሰዓት ጆግ አስቀምጡ፤ ግማሽ ሊትር ከተጠራቀመ በወር 360 ሊትር ነው። ለሽንት ቤቱ ደግሞ የቀይ ሥር ጭማቂ ከኋላው ገንዳ ውስጥ ጨምራችሁ ውኃ ሳትለቁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውኃ ከቀላ የገንዳው ጎማ ያፈስሳል፤ የሚቀየረው ጎማው ብቻ ነው።

በሩ አጠገብ ያለው መዝገብ ላይ ለየብሎኩ ሁለት ሁለት ሰው ይመዝገብልን፤ አንዱ ሳጥኑን ለማገላበጥ፣ አንዱ ሰጋቱራ ለማምጣት። እስከሚቀጥለው እሑድ እያንዳንዱ ቤት የአንድ ሳምንት ልጣጩን በጣሳ ለክቶ ቁጥሩን ይዞ ይምጣ። የሳጥኑን ብዛት የምንወስነው በዚያ ነው።