ውሃው ሸሽቷል

ሰላም ናችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማወራችሁ ስለ ሐይቅ ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ ስላለው፣ ስለ እኛው ሐይቅ።

ባለፈው ጥር አባባን ይዤ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄጄ ነበር። ያደግሁት ገዳሙ ደሴት ነው ሲባል እየሰማሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ደሴት ብሎ ነው የጻፈው። እኛ ግን በእግራችን ገባን። አባባ ዳር ላይ ቆም ብለው ውሃውን አዩና «ውሃው ሸሽቷል» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ቃሉ ከልቤ አልወጣ አለ። ከዚህ ሐይቅ ዛሬ የሚወጣ ወንዝ የለም። ዝናቡ፣ ከዙሪያው ተራራ የሚወርደው ጅረት፣ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚመጣው ውሃ ይገባበታል፤ ፀሐይ ትወስደዋለች። ተራራው ውሃ ሲያጣ ሐይቁ ላይ ይታወቃል።

እርግጥ ድሮም ይለዋወጥ ነበር። የዛሬ 5,000 ዓመት ገደማ የአፍሪካ ረጅም የዝናብ ዘመን ሲያበቃ ፋብሪካ አልነበረም። ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት ሁኔታ ቀስ በቀስ ስለተለወጠ ነው። የአሁኑ የዓለም ሙቀት መጨመር ግን በአንድ ሰው ዕድሜ የሚታይ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝም ይሄ ነው።

የላስታው ተራራ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ ግን በጋውን ሙሉ እየቀለጠ ወንዝ የሚመግብ በረዶ የለውም። ተከዜም በሉት በሽሎ፣ ሚሌም በሉት ቦርከና፣ በበጋ የሚፈሰው ክረምት ላይ መሬት የጠጣው ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። ስለዚህ ሲዘንብ በኃይል ይወርዳል። መሬት ሳይጠጣው ደራሽ ሆኖ ያልፋል። ቦርከና ሐምሌ ላይ ሲያስፈራና ሚያዝያ ላይ ጠጠሩ ሲወጣ ሁለት የተለያየ ችግር ይመስለኝ ነበር። ለካ አንድ ነው።

ዳገቱን ያራቆትነው ግን እኛ ነን፤ ይሄንን መሸሽ አልችልም። እርከን ከተሠራበት፣ ከብት ከተከለከለበት ተራራ ሥር ምንጭ ሲመለስም በዓይኔ አይቻለሁ።

የበልጉ ነገር ደግሞ አለ። በልግ የወሎ ደጋ ጉሮሮ ነው። እሱ ሲቀር ምንጩ ሰኔ ድረስ የሚያደርሰው ስንቅ ያጣል።

የአባባ መንደር ምንጭ ልጅ ሳለሁ ክረምትን ከክረምት ያገናኝ ነበር። አምና ሚያዝያ ላይ ነጠፈ። የእናንተስ? ከኩታበር፣ ከወረኢሉ፣ ከደላንታ፣ ከላስታ የምትሰሙኝ፣ ምንጫችሁ ድሮ በየትኛው ወር ይነጥፍ እንደነበር፣ አሁንስ መቼ እንደሚነጥፍ እናቶቻችሁን ጠይቁና ጻፉልኝ። እንስራውን የተሸከሙት እነሱ ናቸው፤ ወሩን አይረሱትም።