ወረቀቱ መታጠፍ የሚወድበት

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ አያቶች፣ እናንተም ልጆች፤ እንደምን ዋላችሁ! የደብረ ማርቆስን የነሐሴ ዝናብ ችላችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። ዛሬ የልደት ካርድና ፎቶ የሚለጠፍበት የትዝታ ደብተር በእጅ እንዴት እንደሚሠራ እናያለን።

የልደት ካርድ የፈረንጅ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ልደት ማክበሩ ለገጠሩ ጎጃም አዲስ መሆኑ እውነት ነው። ወረቀት ላይ አበባ ስሎ፣ ቤት ለቤት ዞሮ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ መስጠት ግን የገዛ ልጆቻችን የእንቁጣጣሽ ሥራ ነው። ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ ወንዶቹ ሥዕላቸውን ይዘው ይወጣሉ። በዚያ ሥዕል ላይ አንድ እጥፋት ብንጨምርበት ካርድ ሆነ።

አስቸጋሪዋም ያቺው አንድ እጥፋት ናት። ስለዚህ ስለ ቀለምና ስለ ብልጭልጭ ዛሬ ብዙ አንናገርም። በእጅ የሚሠራ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ሥዕሉ ሳይጀመር ነው፤ ወረቀቱ ሲመረጥ፣ ሲታጠፍ፣ ኮላ ሲቀባ።

ከወረቀቱ እንጀምር። የተለመደው የፎቶ ኮፒ ወረቀት 80 ግራም ይባላል፤ አንድ ካሬ ሜትሩ 80 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ለካርድ ይሳሳል፣ አቁማችሁት ዞር ስትሉ ይተኛል። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ስትገቡ 200 ወይም 250 ግራም ብላችሁ ጠይቁ። ከ300 ካለፈ ለልጅ መቀስ ይከብዳል። ማተሚያ ቤቶች ሲቆርጡ የሚተርፋቸው የወፍራም ወረቀት ቁራጭ አለ፤ ብዙ ጊዜ ይጣላል፣ ለእኛ ግን ይበቃናል። ኤ4 ወረቀት 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ረጅሙን ጎን ለሁለት ቆርጣችሁ እያንዳንዱን ግማሽ ብታጥፉት 10.5 በ14.8 የሆነ ካርድ ይወጣችኋል። ከአንድ ወረቀት ሁለት ካርድ።

ወረቀት ውስጡ ደቃቅ ቃጫ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ አብዛኛው ቃጫ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል። እንጨት የፈለጠ ሰው ይህን አይስተውም፤ ከቃጫው ጋር ከሄደ ምሳሩ ይቀለዋል፣ ቃጫውን ካቋረጠ ይታገለዋል። ወረቀትም ከቃጫው ጋር ሲታጠፍ እጥፋቱ ምላጭ ይመስላል፤ ቃጫውን ሲያቋርጥ ጠርዙ ይሰነጠቅና ነጭ ፀጉር ያወጣል፤ በተለይ ባለቀለሙና የሚያብረቀርቀው። አቅጣጫውን ለማወቅ ከዚያው ወረቀት ትንሽ ቁራጭ ወስዳችሁ አንዴ ወደ ቁመቱ፣ አንዴ ወደ ጎኑ ቅደዱ። ቀጥ ብሎ የተቀደደበት ቃጫው የተኛበት ነው፤ የተንጋደደው ማቋረጫው ነው። መቅደድ ካሳሳችሁ ሳታጥፉ በቀስታ ጎንበስ አድርጉት፤ የሚለመጥላችሁ ወገን እሱ ነው። የኤ4 ቃጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚተኛው በረጅሙ ጎን ነው። ስለዚህ ቅድም እንዳልነው ለሁለት ቆርጣችሁ ስታጥፉ እጥፋቱ ከቃጫው ጋር ይሄዳል፤ ሙሉውን ኤ4 ሳትቆርጡ ለሁለት ስታጥፉት ግን ያቋርጠዋል። ትልልቁ ካርድ ወገቡ ላይ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው።

ከማጠፋችሁ በፊት መስመሩን አጎድጉዱት። ከሥር ሁለት ሦስት ጋዜጣ አንጥፉ፣ ማስመሪያ አስቀምጡ፣ ቀለሙ ባለቀ እስክርቢቶ ጫን እያላችሁ ሁለት ጊዜ ሳቡ። ምላጭ አታምጡ፤ ወረቀቱ እንዲቆረጥ አንፈልግም። ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የጎደጎደው ወገን ወደ ውጭ፣ በጀርባ በኩል የወጣው ጉብታ ወደ ውስጥ ሆኖ ነው የሚታጠፈው። ተገልብጦ ከታጠፈ ቃጫው ከመጠን በላይ ይወጠርና ይሰነጠቃል። ከታጠፈ በኋላ በላዩ ሌላ ወረቀት ጣል አድርጋችሁ በማንኪያ ጀርባ ዳምጡት። ማንኪያው በቀጥታ ከነካው ካርዱ ላይ የሚያብረቀርቅ ጭረት ይተዋል።

ይህ ያለ ቀለም መስመር ማስመር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የብራና ጸሐፊዎች የገጹን ዳር በወስፌ እየወጉ ምልክት ያደርጋሉ፣ ከዚያ በደረቅ ብረት ጫን ብለው ያሰምራሉ። ብራናውን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ ያየ ሰው መስመሩን ያገኘዋል። የዲማ ጊዮርጊስና የመርጡለ ማርያም ገዳማት ያሉበት አገር ልጅ ካርድ ላይ በእርሳስ አስምሮ በላጲስ ሲያቆሽሸው ማየት ያሳዝናል። በዚያው ባለቀ እስክርቢቶ አስምሩ፤ የሚጠፋ ነገር አይኖርም።

ከብራናው ሌላም የምንበደረው አለ፤ ሐረጉ፣ ያ በገጹ አናት ላይ የሚሳለው ጥልፍልፍ ጌጥ። ከካርዱ አናት ላይ፣ በመሐላቸው 2 ሴንቲ ትታችሁ፣ ሁለት ትይዩ መስመር አስምሩ፣ በሁለቱም ላይ በየ1 ሴንቲው ነጥብ ጣሉ። የላዩን አንደኛ ነጥብ ከታቹ ሦስተኛ፣ የታቹን አንደኛ ከላዩ ሦስተኛ ጋር በስሱ እርሳስ እያገናኛችሁ ሂዱ። እያንዳንዱን መስመር ወደ ጥብጣብ አወፍሩት። አሁን መስቀለኛው ላይ አንዱ ጥብጣብ ከላይ፣ በሚቀጥለው ከታች እንዲያልፍ እያፈራረቃችሁ ከሥር የሚሆነውን መስመር በላጲስ አጥፉ። አንድ ቦታ ላይ ከሳታችሁ የተቀረው ሁሉ ይዛባል፣ ስለዚህ ቀለም ከመንካታችሁ በፊት በጣት እየተከተላችሁ ቁጠሩ። ሁለት ቀለም ይበቃል። ቅዱሳት ሥዕላትን ግን ነገ ሊወድቅ በሚችል ካርድ ላይ ባትስሉ እንመርጣለን፤ ሐረጉ ብቻውን ሸጋ ነው።

ወደ ኮላው እንምጣ፤ በዚህ በኩል የማያማርር የለም። «ሲደርቅ ተጨማደደ» ይላሉ። ነጩ ኮላ ውኃ አለበት። ቃጫው ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ወደ ጎኑ ይሰፋል፤ ሲደርቅ እኩል አይመለስም። በክረምት ደግሞ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ መድረቁ ይዘገያል። መፍትሔው ኮላ መቀነስ ነው። ጠብታውን ወረቀቱ ላይ አታፍስሱት፤ ክዳን ላይ አድርጋችሁ በካርቶን ቁራጭ ከመሐል ወደ ዳር በስሱ ግፉት። ለጥፉ፣ በንጹሕ ወረቀት መሐል አድርጉ፣ መጽሐፍ ጫኑበት፣ አሳድሩት። በሁለት ሰዓት አንስቶ ለማየት የሚቸኩል አለ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ለስስ ወረቀትና ለፎቶ ዱላው ኮላ ይሻላል፣ ውኃው ጥቂት ነው። የዱቄት ሙጫ በረሮና ሻጋታ ይጠራል። የሚያጣብቀው ፕላስተር ዛሬ ንጹሕ ይመስላል፤ ዓመታት ሲያልፉ ይቢጫል፣ ሙጫው ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል፣ ፕላስተሩ ራሱ ተላቆ ይወድቃል።

ከአሮጌ ነጠላ የተረፈ ጥለት ካርድ ላይ ሲለጠፍ የሚያክለው ጌጥ የለም። ዝም ብላችሁ ከቆረጣችሁት ግን ክሩ ይተረተራል። መቀሱ የሚያልፍበትን መስመር አስቀድማችሁ በስሱ ኮላ ቀቡ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ኮላው መሐል ላይ ቁረጡ። አለላ ለሚሰፉ እናቶችም እንዲሁ፤ ባለቀለሙ ስንደዶ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ጠፍጣፋው ወገን ወደታች ሆኖ ይለጠፋል። ድቡልቡሉ እንዳለ ከተለጠፈ ካርዱ አይዘጋም። አደይ አበባ ገና ነው። ሲፈነዳ ጤዛው ካለፈ በኋላ ቀጥፋችሁ በጋዜጣ መሐል ከባድ መጽሐፍ ሥር አስቀምጡት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ጋዜጣውን በየሁለት ቀኑ ለውጡ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። እርጥቡ ጋዜጣ ካልተለወጠ አበባው ይጠቁራል።

ልጆች የሚወዱት ሲከፈት ብድግ የሚለውን ካርድ ነው። ቀላሉን ልንገራችሁ። የታጠፈውን ወረቀት እንደታጠፈ ያዙ፣ ከእጥፋቱ ተነሥታችሁ 3 ሴንቲ የሚረዝሙ ሁለት ትይዩ መስመሮች፣ በመሐላቸው 2 ሴንቲ ትታችሁ፣ በመቀስ ቁረጡ። ወረቀቱን ክፈቱና መሐሉን ወደ ውስጥ ግፉት፤ ትንሽ ሣጥን ይሆናል። ሥዕሉ የሚለጠፈው በሣጥኑ ፊት ላይ ነው። ልብ በሉ፤ 3 ሴንቲ የቆረጣችሁት ሣጥን ካርዱ ሲዘጋ ከእጥፋቱ እስከ 6 ሴንቲ ድረስ ይወጣል። ሥዕሉም ሣጥኑን አልፎ የሚሄደው ሲጨመርበት ከካርዱ ስፋት፣ ከ10.5 ማለት ነው፣ ካለፈ ካርዱ ተዘግቶ ሳለ ብቅ ይላል፣ ምስጢሩም ያበቃል። ከጀርባ ያለውን ቀዳዳ ለመሸፈን ሁለተኛ ወረቀት ይለጠፋል፤ ያኔ ሣጥኑ ጀርባ ላይ ኮላ እንዳይደርስ፤ ከደረሰ አይነሣም።

ስለ ጽሑፉ። በሱቅ የሚሸጠው ካርድ ለማን እንደሚሰጥ አያውቅም፤ «መልካም ልደት» ብሎ ያልፋል። አማርኛ ግን በአንድ ግስ ውስጥ ብዙ መናገር ይችላል። «እንኳን ተወለድሽልኝ» ስትሉ ሴት መሆኗም፣ መቅረቧም፣ የምታመሰግኑት እናንተ መሆናችሁም ገባ። ለአያት «እንኳን ተወለዱልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን»። ታላቅ ወንድማችሁን አያ የምትሉት ከሆነ ካርዱም ላይ አያ ይሁን፤ በስሙ ብቻ ብትጽፉለት የተቆጣችሁ ይመስለዋል። ጽሑፉን በቀጥታ ካርዱ ላይ አትጀምሩ። ፊደሎቻችን ስፋታቸው እኩል አይደለም፣ «ጠ» እና «ነ» አንድ ቦታ አይዙም፤ ስለዚህ ፊደል ቆጥሮ መሐል ማግኘት አይቻልም። በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ርዝመቱን ለሁለት እጠፉት፣ የታጠፈበትን ከካርዱ መሐል ጋር አግጥሙት። ከጻፋችሁ በኋላ ሳይደርቅ እጅ አይለፍበት፤ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ የጄል እስክርቢቶ ሲነካ ይጎተታል።

ፖስታውም ከ80 ግራሙ ኤ4 ይወጣል። ከሁለቱም ጎን 2.75 ሴንቲ ትታችሁ በቁመቱ ሁለት መስመር አስምሩ፤ መሐሉ 15.5 ይቀራል። ከታች 10.5፣ ቀጥሎ 11 ለኩ፤ ከላይ ከተረፈው 6 አስቀርታችሁ ቀሪውን ቁረጡ። የጎኖቹን ጆሮ መሐለኛው ክፍል ላይ ብቻ ተዉ፣ ከላይና ከታች ያሉትን አንሡ። ጆሮዎቹን ወደ ውስጥ እጠፉ፣ ኮላ ቀቡ፣ የታችኛውን ክፍል ወደ ላይ አምጡ። ጥለት ያለበት ካርድ ከሆነ በየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ጨምሩ፣ አለዚያ ሲገባ ይጨማደዳል።

አሁን የትዝታ ደብተሩ። አንድ ገጽ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ይንገሥ፣ ሁለት ሦስት ትንንሾች ያጅቡት፤ ስምንት ፎቶ የታጨቀበት ገጽ ላይ ዓይን ማረፊያ ያጣል። በሚጠረዝበት ወገን 3 ሴንቲ፣ በሌላው 1.5 ሴንቲ ባዶ ተዉ። ገጾቹ ፎቶ ሲይዙ ያብጣሉ፣ ደብተሩ እንደ አዞ አፉን ይከፍታል፤ ስለዚህ ጥራዙ ላይ በየገጹ መሐል 2 ሴንቲ ስፋት ያለው የካርቶን ቅዳጅ አብራችሁ ጠርዙ።

የድሮ ፎቶ አትቁረጡ፣ ኮላም አይንካው። አስነሥታችሁ ቅጂውን ለጥፉ፤ በቴሌግራም የምትላላኩ ከሆነ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፣ አለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል። ዋናውን ማስቀመጥ ግድ ከሆነ የማዕዘን ኪስ ሥሩለት። 4 በ2 ሴንቲ የሆነ ወረቀት ውሰዱ፣ ከረጅሙ ጎን መሐል ተነሥታችሁ ሁለቱን ጫፎች ወደ ታች እጠፉ፤ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። አራት ሠርታችሁ በፎቶው አራት ማዕዘን ላይ አጥልቁ፣ ኮላውን ከኪሱ ጀርባ ብቻ ቀቡ። ፎቶው በፈለጋችሁ ጊዜ ይወጣል። የጋዜጣ ቁራጭ ከፎቶ ጎን አይለጠፍ፤ ጋዜጣ ቶሎ የሚቢጭበት ነገር በውስጡ አለ፣ የነካውንም ያቢጫል።

ከፎቶው በላይ ግን የምንለምናችሁ ጽሑፉን ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ማን ማን እንደሆነ ጻፉ፣ ስም ከነአባት ከነአያት። «እማዬና እትዬ» ብሎ የተጻፈ ፎቶ ለልጅ ልጅ አይናገርም፤ የማን እናት፣ የማን እህት? ቦታው ከነቀበሌው ይግባ። ዓመቱ ላይ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. በሉ፤ ያለዚያ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሳሳታል። ጳጉሜን 6 የተወለደ ካላችሁ ደግሞ ቀኑ የሚመጣው በዘመነ ሉቃስ ብቻ ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ ስለሆነ ካርዱን አሳምሩለት። የተወለዱበትን ቀን ለማያውቁ አያት ክርስትና የተነሡበትን ጠይቁ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሆነ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ትደርሱበታላችሁ። ፎቶው ጀርባ ላይ የምትጽፉት ደግሞ በለስላሳ እርሳስ፣ ዳር ላይ፣ ሳትጫኑ ይሁን። እስክርቢቶ ከፊት በኩል ጉብ ብሎ ይታያል፣ ቀለሙም ወደ ሌላው ፎቶ ይተላለፋል።

ጠረጴዛዎቹ ላይ ሦስት ዓይነት ወረቀት ተቀምጧል። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ቁራጭ አንሡና መጀመሪያ ቅደዱ፤ መቀሱን ከዚያ በኋላ እናድላለን።